ሲለወጥ የሚጸናው

ምድጃ ላይ ተጥዶ የተረሳ ውኃ ፈልቶ ያልቃል፤ ድስቱም ባዶውን ይቀራል። እንጨት ነዶ አመድ ይሆናል። ጨው ወጥ ውስጥ ሲገባ ከዓይን ይሰወራል፤ ምላስ ግን መኖሩን ይመሰክራል። እነዚህ በየቀኑ የሚታዩ ነገሮች አንድ ጥንታዊ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ነገር ሲለወጥ የሚጠፋው ምኑ ነው፣ የሚጸናውስ ምኑ?

«ተለወጠ» የሚለው ቃል ራሱ እንቆቅልሽ አዝሏል። አንድ ነገር ተለወጠ ለማለት ከለውጡ በፊትም በኋላም ያለ አንዳች ነገር ሊኖር ይገባል። ምንም ካልቀረ የሆነው መለወጥ አይደለም፤ የአንዱ መጥፋትና የሌላው መምጣት ነው። ሁሉም እንዳለ ከቀረ ደግሞ ለውጥ የለም። ስለዚህ ለውጥን መረዳት የሚያልፈውን ከሚጸናው መለየት ነው። ስለ ቁስ አካል፣ ስለ አቶምና ስለ ሙቀት የሚያጠናው ሳይንስ የበቀለው ከዚህ ጥያቄ ነው። የሃይማኖት ሊቃውንት ስለ ፍጥረት፣ ስለ ሞትና ስለ ትንሣኤ ሲከራከሩም ደጋግመው የደረሱት እዚሁ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መልሶች የሚጸናውን በሚታይ ነገር ውስጥ ፈለጉት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊ ፈላስፋ የሚሊጢኑ ታሌስ የሁሉ ምንጭ ውኃ ነው አለ። ፓርሜኒደስ በተቃራኒው ያለው ሁሉ አለ፣ የሌለውም የለም፤ እንግዲህ ለውጥ የሚባለው የዓይን ማታለል ነው ብሎ ደመደመ። ኤምፔዶክልስ ሁለቱን ለማስታረቅ አራት ሥሮችን ቆጠረ፤ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት። እነርሱ አይወለዱም፣ አይሞቱም፤ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ እንጂ። ልደትና ሞት የሚባለውም የእነርሱ መቀላቀልና መፈታት ነው።

ይህ የአራቱ ትምህርት ዘመናትንና አህጉራትን ተሻግሮ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ውስጥም ጸንቶ ይገኛል። ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ማለትም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ እንዲሁም ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ እንደ ተፈጠረ ይነገራል። እሳትና ውኃ፣ ነፋስና መሬት እርስ በርስ የማይስማሙ ሆነው ሳለ በአንድ አካል ውስጥ ተስማምተው መኖራቸው የፈጣሪን ጥበብ ያሳያል ተብሎ ይተረጎማል። እዚህ ላይ ትኩረቱ ሰው ከምን ተሠራ ከሚለው ይልቅ ተቃራኒዎቹን ምን አስማማቸው በሚለው ላይ እንደሚያርፍ ልብ ማለት ይገባል። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ከአራቱ ሥሮች የተለየ መንገድ የቀየሱት ሌውኪጶስና ደቀ መዝሙሩ ዲሞክሪጦስ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት እንዲህ ብለው አስተማሩ፤ ነገር ሲቆራረጥ ሲቆራረጥ መጨረሻው ላይ ከቶ የማይቆረጥ ቅንጣት ይገኛል። «አቶም» በግሪክኛ የማይቆረጥ ማለት ነው። በእነርሱ ዘንድ ያለው አቶምና ባዶ ቦታ ብቻ ነው። አቶም ቅርጽና መጠን አለው፤ ነገር ግን ቀለም የለውም፣ አይጣፍጥም፣ አይመርም፣ አይሞቅም፣ አይበርድም። ቀለምና ጣዕም፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ቅንጣቶቹ ከሰው ስሜት ጋር ሲገናኙ የሚወለዱ ናቸው። በዚህ ትምህርት የሚጸናው ቅንጣቱ ነው፤ የሚያልፈው አሰላለፉ ነው።

አርስጣጣሊስ ይህን አልተቀበለም። የተቃወመበት ምክንያትም ዛሬ ድረስ ክብደት አለው። ሸክላ ሠሪ ከአንድ ጭቃ ማሰሮም ጀበናም ትሠራለች። ጭቃው ያው ነው፤ ነገር ግን ጀበና ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ «ጭቃ ነው» ብሎ የመለሰ ሰው ጥያቄውን አልመለሰም። ጀበናን ጀበና የሚያደርገው ቅርጹና ሥራው ነው። ስለዚህ አርስጣጣሊስ በእያንዳንዱ ነገር ውስጥ ሁለት ነገር አየ፤ አንዱ ቅርጽ የሚቀበለው ቁስ፣ ሌላው ቁሱን ይህ ወይም ያ የሚያሰኘው ቅርጽ ነው። በለውጥ ጊዜ ቁሱ ይቀራል፣ ቅርጹ ይፈራረቃል፤ የነገሩን ማንነት የሚናገረው ግን ቅርጹ ነው። የቅንጣት ቆጠራ ነገሩ ከምን እንደ ተሠራ ይናገራል እንጂ ምን እንደ ሆነ አይናገርም።

የአቶም ትምህርት ከሃይማኖት ጋር የተጋጨው በኤጲቆሮስ በኩል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ341 እስከ 270 የኖረው ይህ ፈላስፋ ነፍስም ከአቶሞች የተሠራች ናትና ከሥጋ ጋር ትበተናለች፣ አማልክትም በዓለም ሥራ እጃቸውን አያስገቡም ብሎ አስተማረ። ዓላማው ሰዎችን ከሞት ፍርሃት ማሳረፍ ነበር። ክርስቲያን ሊቃውንት ግን በዚህ ትምህርት ውስጥ የፈጣሪን ጥበቃ የሚክድ ነገር አዩ፤ ስለዚህም አቶም የሚለው ቃል ለብዙ መቶ ዓመታት ከክህደት ጋር ተያይዞ ኖረ።

ነገር ግን አቶምን ማመን በራሱ ወደ ክህደት አይወስድም። በእስልምናው ዓለም ከ10ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአል አሽዐሪ ተከታዮች የሆኑት የከላም፣ ማለትም የእስልምና ነገረ መለኮት፣ ሊቃውንት ዓለም ከማይከፈሉ ቅንጣቶች የተሠራ ነው ብለው ነበር። እነርሱ ግን ከዚያው መነሻ ተነሥተው ፍጹም ተቃራኒ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ቅንጣቱ የያዘው ቀለም፣ እንቅስቃሴና ሙቀት በራሱ ለሁለት ቅጽበት እንኳ መቆየት አይችልም፤ በየቅጽበቱ አምላክ ይፈጥረዋል አሉ። በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፈው አል ገዛሊ ጥጥና እሳት ሲነካኩ ጥጡ የሚቃጠለው እሳቱ የግድ ስለሚያቃጥል አይደለም፣ አምላክ መቃጠልን ስለሚፈጥር ነው ብሎ ተከራከረ። በአውሮፓም ከ1592 እስከ 1655 የኖረው ካህንና ፈላስፋ ፒየር ጋሰንዲ አቶሞችን ዘላለማውያን ከማለት ይልቅ ፍጡራን ናቸው፣ እንቅስቃሴያቸውም ከፈጣሪ የተሰጠ ነው በማለት የኤጲቆሮስን ትምህርት ከክርስትና ጋር አስታረቀ። ያው ቅንጣት አንዱን አምላክ አያስፈልግም ወደሚል፣ ሌላውን አምላክ በየቅጽበቱ ያስፈልጋል ወደሚል መደምደሚያ ወሰደ። እንግዲህ የአቶም መኖር አለመኖር ይህን ክርክር በራሱ አይፈታውም።

እስከዚህ ድረስ አቶም የሐሳብ ልጅ እንጂ የሚዛን ልጅ አልነበረም። ሚዛኑን ያመጣው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንትዋን ላቮዋዜ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የሚነድ ነገር ቢነድም፣ የሚዝግ ነገር ቢዝግም፣ ጠቅላላው ክብደት እንደማይጨምርና እንደማይቀንስ አሳየ። እንጨት ነዶ የሚቀለው ጋዙ ስለሚያመልጥ ብቻ ነው። ጆን ዳልተን በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ክብደት ያለው አቶም እንዳለው፣ ውሕዶችም አቶሞች በተወሰነ ቁጥር ሲጣመሩ እንደሚፈጠሩ አስረዳ። ያኔም ቢሆን አቶም ለስሌት የሚመች ግምት እንጂ እውነተኛ ነገር አይደለም የሚሉ ታላላቅ ሳይንቲስቶች እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ነበሩ። የዓይን ምስክር የሌለውን ነገር አለ ማለት ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ በሃይማኖት ብቻ ሳይሆን በሳይንስም ቤት ተነሥቶ ነበር።

መልሱ ከትንሽ ነገር መጣ። የዕፅዋት ተመራማሪው ሮበርት ብራውን በ1827 ከአበባ ዱቄት የወጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች በውኃ ውስጥ ያለ ዕረፍት ሲንቀጠቀጡ በማጉያ መሣሪያ ተመለከተ። አልበርት አንሽታይን በ1905 ያ መንቀጥቀጥ የማይታዩት የውኃ ሞለኪውሎች፣ ማለትም የተጣመሩ አቶሞች፣ ቅንጣቶቹን ከየአቅጣጫው ሲገፉ የሚፈጠር መሆኑን በስሌት አሳየ። ዣን ፔረን ስሌቱን በሙከራ አረጋገጠ፤ በ1926 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ከዚህና ከሌሎች መንገዶች የተገኘው ቁጥር አንድ ሆነ፤ የቡና ሲኒ በማይሞላ 18 ግራም ውኃ ውስጥ በግምት 6 ተብሎ 23 ዜሮዎች የሚከተሉት ያህል ሞለኪውሎች አሉ። የማይታየው በሥራው ታወቀ።

አቶም ሲመረመር በነበረበት ዘመን የሙቀት ምንነትም አብሮ ተገለጠ። ቀድሞ ሙቀት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚፈስ ረቂቅ ፈሳሽ ይመስል ነበር። ራምፎርድ በ1798 መድፍ ሲቦረቦር ከመፋተጉ ብቻ ውኃ የሚያፈላ ሙቀት ያለማቋረጥ እንደሚወጣ ገለጸ፤ ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ ባለቀ ነበር። ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ ይህን ያህል ሥራ ይህን ያህል ሙቀት ይሰጣል ብሎ ለካው። ሙቀት ለካስ እንቅስቃሴ ነው። በክፍል ውስጥ ያለ የአየር ሞለኪውል በአማካይ በሴኮንድ 500 ሜትር ያህል ይበራል። መጠነ ሙቀት የሚለካውም የዚህን ያልተደራጀ እንቅስቃሴ አማካይ ነው። እንቅስቃሴው ከዚህ በታች ሊቀንስ የማይችልበት የመጨረሻው ዝቅታ ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

ከዚህ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይከተላል። አንድ ነጠላ ሞለኪውል ፍጥነት አለው እንጂ መጠነ ሙቀት የለውም። አማካይ የብዙዎች ነውና ሙቀት የብዙዎች ነው። ርጥበትም እንደዚያው ነው፤ አንድ የውኃ ሞለኪውል ርጥብ አይደለም። ዲሞክሪጦስ ሙቀት በቅንጣቱ ውስጥ የለም ሲል ትክክል ነበር። ሙቀት ስለዚህ እውን አይደለም ማለት ግን ስሕተት ነው፤ እሳት የሰው ስሜት ባይኖርም ብረት ያቀልጣል። አንድ ነገር በክፍሎቹ ውስጥ አለመገኘቱ አለመኖሩን አያሳይም። በክፍሎቹ ኅብረት ብቻ የሚኖር እውነተኛ ነገር አለ። ሕይወትና ሐሳብ በአቶም ውስጥ ስለማይገኙ ከንቱ ናቸው የሚል ሰው ሙቀትንም አብሮ መካድ ይኖርበታል።

የቁስ አካል ሁነቶችም ይህንኑ ያስተምራሉ። በጠጣር ውስጥ ቅንጣቶቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይንቀጠቀጣሉ፤ ስለዚህ ጠጣር የራሱ ቅርጽ አለው። በፈሳሽ ውስጥ ተቀራርበው ይቆያሉ፣ ግን አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ፈሳሽ መጠኑን ጠብቆ የዕቃውን ቅርጽ የሚይዘው ለዚህ ነው። በጋዝ ውስጥ ተራርቀው በየአቅጣጫው ይበራሉ፤ ጋዝ ያገኘውን ቦታ ሁሉ ይሞላል። በረዶ፣ ውኃና እንፋሎት የአንድ ዓይነት ሞለኪውል ስብስብ ናቸው፤ ሁለት ሃይድሮጂንና አንድ ኦክስጅን። ልዩነታቸው ከምን እንደ ተሠሩ ላይ አይደለም፤ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ላይ ነው። ከሰልና አልማዝም ቢሆኑ በዋናነት ካርቦን ናቸው፤ አንዱን የሚያጠቁረው፣ ሌላውን የሚያጠነክረውና የሚያጠራው አሰላለፉ ነው።

ከአንዱ ሁነት ወደ ሌላው መሻገርም ዋጋ አለው። ጆሴፍ ብላክ በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በረዶ ሲቀልጥ ሙቀት እየተቀበለ መጠነ ሙቀቱ ግን እንደማይጨምር አስተዋለ። አንድ ኪሎ ግራም ውኃን ከ0 ወደ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 420 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል፤ ያንኑ ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,260 ኪሎ ጁል ያህል ይጠይቃል። ያ ሁሉ ጉልበት ውኃውን የበለጠ አላሞቀውም፤ ሞለኪውሎቹን የያዘውን ትስስር ፈታ። እንፋሎት ተመልሶ ውኃ ሲሆን የወሰደውን ሁሉ ይመልሳል፤ እንፋሎት ከፈላ ውኃ ይልቅ ክፉኛ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ከእጅ የጠፋ የሚመስለው ጉልበት ተሰውሮ ነበር እንጂ አልጠፋም።

ለውጡ የሚሆንበት ድንበርም የነገሩ ብቻ አይደለም። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል አካባቢ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ባቄላና አተር በደጋ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚወስዱትም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የመፍላት ነጥብ የውኃው ባሕርይ ብቻ ሳይሆን የውኃውና በዙሪያው ያለው አየር ግንኙነት ነው። ከዚህም የሚያልፍ ነገር አለ። ከ374 ዲግሪ በላይና ከ218 እጥፍ የከባቢ አየር ግፊት በላይ በፈሳሽና በእንፋሎት መካከል ያለው ድንበር ይጠፋል። በዚህ መንገድ ከተዞረ ውኃ ሳይፈላ፣ አንድም ጊዜ ሳይቋረጥ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት ይሻገራል። በምድጃ ላይ ፍጹም የሚመስለው ድንበር በሌላ መንገድ ሲሄዱ የለም። አንድ ድንበር እውነተኛ ነው ማለትና የትም ቦታ አይሻገርም ማለት አንድ አይደሉም።

አቶም ራሱ ጸንቶ የሚኖር የመጨረሻ ቅንጣት ነው ወይ? ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮንን አገኘ፤ ኧርነስት ራዘርፎርድ በ1911 የአቶም ክብደት ሁሉ ማለት ይቻላል በመካከሉ ባለች እጅግ ትንሽ ኒውክለስ ውስጥ እንደ ተከማቸ አሳየ። የማይቆረጠው ተቆረጠ። በፀሐይ ውስጥ የሃይድሮጂን ኒውክለሶች ተዋሕደው ሂልየም ሲሆኑ በየሴኮንዱ አራት ሚሊዮን ቶን ያህል ቁስ ወደ ብርሃንና ሙቀት ይለወጣል። ኤሌክትሮኖችም እርስ በርሳቸው ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ የተለወጠ ነገር አለ ማለት አይቻልም፤ የእኔ ኤሌክትሮን፣ ያንተ ኤሌክትሮን የሚባል ምልክት የላቸውም። የሚጸናውን በትንሿ ቅንጣት ውስጥ የፈለገው መንገድ መጨረሻው ላይ ቅንጣት አላገኘም፤ ያገኘው ልክና ሕግ ነው። በለውጥ ሁሉ ውስጥ የጉልበት ድምርና የኤሌክትሪክ ሙል ድምር አይለወጡም። ቁሱ ያልፋል፣ ሥርዓቱ ይጸናል። አርስጣጣሊስ ቅርጽ ብሎ የጠራው ነገር በሌላ ስም ተመልሶ መጣ፤ ተቃራኒዎቹን ምን አስማማቸው የሚለው የጥንቱ ጥያቄም እንዲሁ።

ይህ ግኝት ከባድ የሆነ የሃይማኖት ጥያቄንም ያጠራዋል። ሙታን በሥጋቸው የሚነሡ ከሆነ የፈረሰውና የተበተነው ሥጋ እንዴት ያው ሥጋ ይሆናል? የጥንት አባቶች ጥያቄውን እስከ ጫፍ አድርሰውታል። አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ በረኃብ ጊዜ ሰው በሰው ተበልቶ ቢሆን ሥጋው በትንሣኤ የማን ይሆናል የሚለውን ተቃውሞ ወስዶ መልሷል። የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ነፍስ የራሷን ሥጋ መልክ እንደ ማኅተም ይዛ ትቆያለችና ትለየዋለች አለ። ቶማስ አኩዊናስም የሰውን አንድነት የሚሰጠው ቅርጹ፣ ማለትም ነፍሱ ናት በማለት አስረዳ።

የዛሬው እውቀት እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። የሕያው ሰው አካል ሳይሞት ገና ያለማቋረጥ ይፈታል፣ ይገጣጠማል። የሚጠጣው ውኃ፣ የሚተነፍሰው አየር፣ የሚበላው እንጀራ አካሉ ይሆናሉ፤ የነበረው በላብና በእስትንፋስ ይወጣል። አንድ ሰው በልጅነቱና በሽምግልናው ያው ሰው የሚባለው እነዚያኑ አቶሞች ስለያዘ አይደለም። ስለዚህ በትንሣኤ ለማመን እያንዳንዱ አቶም ተፈልጎ መገኘት አለበት የሚል አማኝም፣ አቶሞቹ ተበትነዋልና ትንሣኤ አይቻልም የሚል ተቃዋሚም ማንነትን በተሳሳተ ቦታ ፈልገዋል። ትንሣኤ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ፊዚክስ አያረጋግጠውም፣ አይሽረውምም። የሚሽረው ማንነትን ከቅንጣት ጋር ያስተሳሰረውን አስተሳሰብ ነው።

ስለ ፍጥረትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይገባል። ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም የሚለው ሕግ አንዳንድ ጊዜ ፈጣሪ የለም ለማለት ይጠቀሳል። ሕጉ የሚናገረው ግን ባለ ነገር ውስጥ ስለሚሆነው ለውጥ ነው፤ ነገሩ ለምን ኖረ ስለሚለው አይደለም። አኩዊናስ ዓለም መጀመሪያ ባይኖራት እንኳ ህላዌዋን ከሌላ የምትቀበል ልትሆን ትችላለች ብሎ ለይቶ ነበር። ላይብኒዝም በ1714 ምንም ባለመኖር ፈንታ አንድ ነገር ለምን አለ የሚለውን ጥያቄ አስቀመጠ። ይህን ጥያቄ በላብራቶሪ ያለ ሚዛን አይመልሰውም፤ ሚዛኑ ስላልመለሰው ግን ጥያቄው ከንቱ አይሆንም። በአንጻሩ በሳይንስ ያልታወቀውን ክፍተት ሁሉ በአምላክ ስም መድፈን ለእምነትም አይበጅም፤ ክፍተቱ በተዘጋ ቁጥር አምላክ የሸሸ ይመስላልና።

በድስቱ ውስጥ የነበረው ውኃ፣ እንግዲህ፣ አልጠፋም። ሞለኪውሎቹ ከአየሩ ጋር ተቀላቅለዋል፤ የተቀበሉት ጉልበት አብሯቸው ሄዷል፤ ቀዝቃዛ መስኮት ወይም ተራራ ላይ ሲደርሱ ጉልበቱን መልሰው ጠል ወይም ዝናብ ይሆናሉ። ያለፈው አብሮ መኖራቸው ነበር፤ የጸናው ልካቸውና የሚመሩበት ሥርዓት ነው። ያ ሥርዓት ከየት መጣ የሚለው ግን ከለውጥ ጥያቄ የተለየ፣ ከእርሱም የሚቀድም ጥያቄ ነው።